ስልኩ ሙዳይ ውስጥ፣ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ፦ ልጆችን የጥናት ልማድ ለማስያዝ ደረጃ በደረጃ

መስከረም ላይ ሁላችንም ጎበዝ ነን። አዲስ ቦርሳ ይገዛል፣ ደብተር ይለበዳል፣ «ዘንድሮ ስልክ የሚባል ነገር የለም» ይባላል። ጥቅምት ሳይጋመስ ግን ስልኩ ተመልሶ ልጁ እጅ ላይ ነው። እኛም ደክመን ከሥራ ስንገባ «የቤት ሥራህን ሠራህ?» «አዎ» ተባብለን እናልፋለን።

እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖሬያለሁ። ልጄ አሁን 6ኛ ክፍል ነው፤ እህቱ 3ኛ ናት። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ለብቻው የሚሆን የጥናት ክፍል የለንም። መቆጣት ሞከርኩ፣ መለመን ሞከርኩ፣ ስልክ መንጠቅም ሞከርኩ። ውጤት ያመጣልኝ ሌላ ነገር ነው። ልጆቹን ትቼ ቤቱን ማስተካከል ጀመርኩ። ልጅ በየቀኑ ብቻውን ከስልክ ጋር እንዲታገል ከተተወ ይሸነፋል። ትልቅ ሰውም ይሸነፋል። ስልኩ የት እንደሚቀመጥ፣ ጥናት መቼ እንደሚጀመር አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ ግን ትግሉ ራሱ ይቀራል።

ከዚህ በታች ያለው እኛ ቤት በቅደም ተከተል ያደረግነው ነው። ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሩት። አንዱ ሲረጋ ወደ ሚቀጥለው እለፉ።

1. አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ ተመልከቱ

ምንም ሕግ አታውጡ፤ ወረቀት ብቻ ያዙ። ልጁ ስንት ሰዓት ቤት ገባ? መቼ ደብተር ከፈተ? መቼ ስልክ ያዘ? ከማን ተቀብሎ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። የእኔ ልጆች የራሳቸው ስልክ የላቸውም። ግን የእኔ አለ፣ የአባታቸው አለ፣ አብራን የምትኖረው እህቴ ስልክ አለ፣ እማማ ስትመጣ ደግሞ የእሷም አለ። ያን ሳምንት ስመዘግብ ትንሿ ልጄ ከሦስት ሰው ስልክ እየተቀበለች እንደነበር አየሁ። ሁላችንም «ትንሽ ነው የሰጠኋት» ነበር የምንለው። ትንሹ ሲደመር ግን ምሽቱን ሙሉ ይሆናል።

ቀጥሎ የስልኩን ሴቲንግ ክፈቱ። አንድሮይድ ላይ «ዲጂታል ዌልቢንግ»፣ አይፎን ላይ «ስክሪን ታይም» የሚል ቦታ አለ። ዩቲዩብ ስንት ሰዓት እንደታየ፣ ቲክቶክ ስንት እንደታየ ቁልጭ አድርጎ ያሳያችኋል። የልጁን ብቻ ሳይሆን የራሳችሁንም እዩ። እኔ የራሴን ሳየው ስልኬን አብዝቼ የምይዘው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነበር። ልክ ልጆቼ እንዲያጠኑ የምፈልግበት ሰዓት። እነሱ ደብተር ላይ፣ እኔ ሶፋ ላይ ስልክ ይዤ። ልጅ የምትለውን ሳይሆን የምታደርገውን ነው የሚከተለው። ይህን ካየሁ በኋላ ነው ሕጉን ከራሴ የጀመርኩት።

2. የጥናቱን ሰዓት ሁልጊዜ ከሚደረግ ነገር ጋር እሰሩት

«ማታ ታጠናለህ» ማለት ሰዓት መስጠት አይደለም። ማታ ሰፊ ነው። እራት አለ፣ እንግዳ አለ፣ መብራት ይጠፋል፣ እንቅልፍ ይመጣል። ስለዚህ ጥናቱን ቤት ውስጥ በየቀኑ ከሚሆን አንድ ነገር ጋር አያይዙት።

እኛ ቤት እንዲህ ነው። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ይገባሉ። ዩኒፎርም ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባሉ፣ ዳቦ በሻይ ወይም ቆሎ ይበላሉ። ከዚያ ግቢ ወርደው ይጫወታሉ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳሉ። ውኃ ጠጥተው ቁጭ ይላሉ። ያቺ ውኃ ምልክታቸው ሆናለች፤ ብርጭቆው ሲቀመጥ ደብተር ይወጣል።

ጨዋታውን ቆርጣችሁ ለጥናት አትስጡት፤ አደራ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ልጅ ሳይሮጥ ተመልሶ ወንበር ላይ ቢቀመጥ አካሉ እንጂ ሐሳቡ እዚያ የለም።

በፈረቃ የሚማር ልጅ ያላችሁ ደግሞ ለየት ይላል። የከሰዓት ፈረቃ ከሆነ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። አእምሮው ያረፈ ነው፣ ቤቱም ጸጥ ያለ ነው። ብዙ ቤት ግን ያ ሰዓት ቴሌቪዥን ፊት ነው የሚያልቀው። የጠዋት ፈረቃ ከሆነ ምሳ በልቶ ትንሽ አርፎ ይጀምር።

ርዝመቱስ? መጀመሪያ አሳጥሩት። 1ኛና 2ኛ ክፍል 15 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ያሉት 25 ደቂቃ ሠርተው 5 ደቂቃ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ፤ ሁለት ዙር፣ ፈተና ሲቃረብ ሦስት። 7ኛና 8ኛ ክፍል ዙሩን ወደ 35 ደቂቃ ማስረዘም ይችላሉ። ይህ እኔ አይቼ የደረስኩበት ልክ ነው፤ የእናንተ ልጅ ከዚህ ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል። ዋናው ነገር በየቀኑ መሆኑ ነው። እሑድ አራት ሰዓት ታስሮ ከሚያጠና ልጅ በየቀኑ 40 ደቂቃ የሚያጠናው ይሻላል።

3. አንድ ጥግ ስጡት

ጥግ ይበቃል። እኛ የምግብ ጠረጴዛውን አንድ ጎን ነው የሰጠነው። እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ማስመሪያና መቅረጫ አንድ ጣሳ ውስጥ ሁልጊዜ እዚያው ይቀመጣሉ። «እርሳስ ልፈልግ» ብሎ የተነሣ ልጅ ቶሎ አይመለስም።

ቴሌቪዥኑ በዚያ ሰዓት ለሁሉም ይዘጋል። ለእኔም ለባለቤቴም ከባዱ ይህ ነበር። መብራት ለሚጠፋበት ቀን የሚቻርጅ መብራት አዘጋጁ። በስልክ ባትሪ እያበራ አያጥና፤ ያኔ ስልኩ በሌላ በር ጠረጴዛው ላይ ወጣ ማለት ነው።

4. ጥናቱን መጽሐፍ ዘግቶ ያጥና

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ወላጅ የሚስተው ይህን ነውና። ልጁን አስቀምጠነዋል፣ ስልክ የለም፣ መጽሐፉ ክፍት ነው። ያነባል። ይህ ሁሉ ሆኖ ፈተና ላይ ምንም አይመጣለትም።

አንድ ምሽት ልጄ ሳይንስ ላይ ስለ ምግብ መፈጨት ሦስት ጊዜ አነበበና «ጨርሻለሁ» አለኝ። መጽሐፉን አጠፍኩት። «ምግቡ ከጨጓራ ሲወጣ የት ይገባል?» አልኩት። ጣሪያውን አየ። መጽሐፉን አየ። «አሁን እኮ አውቀው ነበር!» አለ፤ ሊያለቅስ ደረሰ። አልዋሸም። ገጹ ፊቱ ሲሆን ሁሉም ነገር የታወቀ ይመስላል። ዓይኑ ለመደው እንጂ ጭንቅላቱ ውስጥ አልገባም።

ይህ የልጄ ችግር ብቻ አይደለም። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አስነበቡ። አንዱን ደግመው አነበቡት። ከሌላው ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡትን ትንሽ አብልጠው አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ ከጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ የኔታ ፊት ቀርቦ በቃሉ ሳይመልስ ወደ ሚቀጥለው አይሻገርም። ቁርኣን ቤትም ሉሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ የተጻፈውን በቃሉ ሳያሰማ ሉሁ ታጥቦ አዲስ አይጻፍለትም። ልጁ ማወቁ የሚለየው አፉን ከፍቶ ሲመልስ ነበር።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ትዝ ይላችኋል? ኩረጃን ለማስቀረት ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚያ ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በጥናት ዘዴ አላሳብብም። ግን ያን ቁጥር በሰማሁ ቀን ስለ ልጄ አንድ ጥያቄ ነው የመጣብኝ። መጽሐፉ ሲዘጋ፣ ጎረቤቱ ሲለይ፣ ብቻውን ሲቀመጥ ምን ይቀረዋል?

አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚያስፈልገው ባዶ ወረቀት ብቻ ነው። ልጁ ሁለት ወይም ሦስት ገጽ ያንብብ፣ ከ10 ደቂቃ አይበልጥ። መጽሐፉን ይዝጋ። ባዶ ወረቀቱ ላይ የሚያስታውሰውን ሁሉ ይጻፍ፣ ወይም ይሣል። ከዚያ መጽሐፉን ከፍቶ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ይሙላ። ተመልሶ የሚያነበው ቀይ የሆነውን ብቻ ነው።

ልጄ በማግስቱ የሣለው ሥዕል እስካሁን ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። አፍ አለ፣ የምግብ ቧንቧ አለ፣ ጨጓራ አለ፤ ከጨጓራ ቀጥታ ትልቁ አንጀት። ትንሹ አንጀት የለም። በቀይ አስገባት። ከዚያ በኋላ ትንሹ አንጀትን ረስቷት አያውቅም።

ቀጥሎ መመለስ አለ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው አጫጭር የፊደል ጥምረቶች እየሸመደደ፣ ምን ያህሉን እንደረሳ በራሱ ላይ እየለካ በ1885 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳተመ። ካጠናነው ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ በማግስቱ ጥናት ሲጀመር መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ የትናንቱ ይጠየቅ። ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ አንድ ጊዜ። እሑድ ማታ የሳምንቱ ወረቀቶች ይገላበጡ። ሚድ ሲደርስ ከዜሮ መጀመር የለም።

«እኔ አልተማርኩም፣ በምን አስጠናዋለሁ?» የምትሉ ወላጆች አላችሁ። ይህን ለማድረግ ትምህርቱን ማወቅ አያስፈልጋችሁም። መጽሐፉን ያዙና «እስቲ አስረዳኝ» በሉት። ከተንተባተበ ራሱ ያውቀዋል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ በአማርኛ ያስረዳችሁ፤ በቤታችሁ ቋንቋ። በራሱ ቋንቋ ያስረዳ ልጅ ገብቶታል ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በኋላ ይጨምርበታል። በእንግሊዝኛ ሸምድዶ በአማርኛ ማስረዳት ያቃተው ግን አልገባውም፤ 10 ከ10 ቢያመጣም አልገባውም።

ሒሳብ ላይ ደግሞ መጽሐፉ የሠራውን ምሳሌ በወረቀት ሸፍኖ ራሱ ይሥራው። ሲያቅተው አንድ መስመር ብቻ ገልጦ ይይ፣ እንደገና ይሸፍን።

የቤት ሥራውን ግን አትሥሩለት። ሰዓቱ መሽቶ፣ ልጁ አልቅሶ፣ እናንተም ደክማችሁ «ጻፍ፣ እኔ ልንገርህ» ማለት ይመጣል። እኔም አድርጌዋለሁ። ይልቅ ግማሹን ይዞ ይሂድ፤ መምህሩም የት ጋ እንደቸገረው ይወቅ።

5. ስልኩ ቤት ይኑረው

እኛ ቤት አያቴ የሰፋችው አንድ ሙዳይ አለ፤ ክዳን ያለው፣ ቀይና አረንጓዴ አለላ። ዕቃ መደርደሪያው ላይ ለጌጥ ነበር የሚቀመጠው። አሁን የስልክ ቤት ነው። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን የቤቱ ስልክ ሁሉ እዚያ ይገባል። ዳታ ይጠፋል፣ የጥሪ ድምፅ ግን ይከፈታል። የሚፈልገን ሰው ይደውል።

የመጀመሪያው ቀን የልጆቹን ጥያቄ እያስተናገድኩ ስልኬን በእጄ ይዤ ነበር። ትንሿ ልጄ ሙዳዩን ከፍታ አየች። «እማዬ፣ ያንቺ የለም» አለችኝ። አስገባሁት። ለትንሽ ቀናት እጄ ባዶ ሆኖ ኪሴን ይፈልግ ነበር። ሙዳዩ ውስጥ ስልክ ሲንቀጠቀጥ ሰንበሌጡን እየነካ እንደ ጥንዚዛ ይጮኻል፤ ሁላችንም ዞረን እናየዋለን። አራተኛው ወይም አምስተኛው ቀን ላይ መዞሩን ተውነው።

ሙዳይ ባይኖራችሁ ካርቶንም ይሆናል። ዋናው ከጥናቱ ጠረጴዛ ርቆ፣ ከዓይን ተሰውሮ መቀመጡ ነው። ተገልብጦ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ስልክ ተቀመጠ አይባልም።

አንድ ነገር በጣም እለምናችኋለሁ፦ ስልክን የጥናት ሽልማት አታድርጉት። «አጥናና ስልክ እሰጥሃለሁ» ስንል ጥናቱ ዕዳ፣ ስልኩ ደመወዝ ይሆናል። ልጁም ለደመወዙ ሲል ዕዳውን አቃጥሎ ይጨርሳል። ጥናት የራሱ ሰዓት አለው፣ ስልክም የራሱ። እኛ ቤት ከሰኞ እስከ ዓርብ ከእራት በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ውጤት ቢያንስም ያው ነው፣ ቢበዛም ያው ነው።

ለትንንሾቹ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ አለ። አንድ ዓመት ላልሞላቸው ስክሪን ጭራሽ አይመከርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። ምግብ እንዲበላ ብለን ስልክ የምናስይዘው ሕፃን አለ አይደል? ያ ልጅ የሚውጠውን አያውቀውም። መብላትም ሆነ መጥገብ ሳይማር ያድጋል። ሳህኑ ፊት ስልክ ይቅር፤ ሦስት ቀን ያስቸግራችኋል፣ ከዚያ ይበላል።

አረብ አገር ካለች አክስት ጋር በኢሞ ማውራት ግን ከዚህ ሒሳብ ውጪ ነው። ያ ዘመድ መጠየቅ ነው።

6. የቤት ሥራው ቴሌግራም ላይ ሲላክ

«ለቤት ሥራ ነው» የሚለው ምክንያት እውነትም ስለሆነ ያስቸግራል። ብዙ ትምህርት ቤት ወርክሺቱን በቴሌግራም ነው የሚልከው። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። ከጥናቱ ሰዓት በፊት ግሩፑን የምከፍተው እኔ ነኝ። የቤት ሥራውን ወረቀት ላይ እገለብጠዋለሁ፣ ረጅም ከሆነ አሳትመዋለሁ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ይቀመጣል። የተሠራውን ፎቶ አንሥቼ የምልከውም እኔ ነኝ። አምስት ደቂቃ ይወስድብኛል። ያቺ አምስት ደቂቃ እሱን «ቴሌግራም ልይ» ብሎ ገብቶ በዚያው ቪዲዮ ውስጥ ከሚጠፋበት አንድ ሰዓት አተረፈችው።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ላይ (ጥያቄ ሲጻፍላቸው መልስ የሚጽፉ መተግበሪያዎች ናቸው) ትልልቆቹ መልስ እየገለበጡ መሆኑን ታውቃላችሁ። የእኔ ሕግ አንድ ነው፦ መጀመሪያ በራስህ ሞክር፣ ወረቀቱ ላይ ሙከራህን ልየው፣ ከዚያ አብረን እንጠይቀዋለን። «መልሱን ስጠኝ» ሳይሆን «የቱ ጋ ተሳሳትኩ?» ብለን ነው የምንጠይቀው።

7. ስልኩን ራሱን አስተካክሉ

ልጁ የራሱ አንድሮይድ ካለው «ፋሚሊ ሊንክ» የሚባል የጉግል መተግበሪያ አለ፤ ነፃ ነው። እናንተ ስልክ ላይ አንዱ፣ ልጁ ስልክ ላይ አንዱ ይያያዛል። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጠቀም፣ ማታ መቼ እንደሚዘጋ፣ የትኛው መተግበሪያ እንደሚጫን ትወስናላችሁ። አይፎን ከሆነ «ስክሪን ታይም» ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አለ፤ የይለፍ ቁጥሩ ከልጁ የተሰወረ ይሁን።

ሰዓቱን ስትሞሉ ግን ተጠንቀቁ። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። እኔ ማታ 2 ሰዓት እንዲዘጋ ፈልጌ 2፡00 ብዬ ሞላሁ። ለስልኩ ያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሳምንት ሙሉ ተዘግቷል ብዬ ተኝቻለሁ፤ አልተዘጋም ነበር። በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 6፣ ከማታ 1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ላይ ደግሞ 18 ጨምሩ። ማታ 2 ሰዓት 20፡00 ነው፣ ማታ 3 ሰዓት 21፡00፣ ጠዋት 12 ሰዓት 6፡00።

ልጁ የእናንተን ስልክ የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ አንድ መተግበሪያ ላይ ብቻ እንዲቆይ ማሰር ይቻላል። አንድሮይድ ላይ በሴኩሪቲ ውስጥ «አፕ ፒኒንግ» ወይም «ስክሪን ፒኒንግ» በሉና ፈልጉት፣ አይፎን ላይ «ጋይድድ አክሰስ» ይባላል። ከዚያ ሌላ ቦታ ሊገባ ሲል የእናንተን ቁጥር ይጠይቀዋል። ፓተርናችሁንም ቀይሩት። ልጆቻችን ጣታችንን አይተው በቃላቸው ይዘውታል።

ዩቲዩብ ላይ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው በራሱ የሚጀምርበትን «አውቶፕሌይ» አጥፉ። ቲክቶክ ዕድሜው 13 ላልሞላ ልጅ አልተፈቀደም፤ ይህ የራሱ የኩባንያው ሕግ ነው። «ጓደኞቼ ሁሉ አላቸው» ሲላችሁ ይህን ንገሩት።

እኔ ግን ከሰዓት ገደቡ ይልቅ የምመለከተው ሌላ ነገር አለ፤ የሚያዩት ነገር ማለቂያ አለው ወይ? ሰላሳ ደቂቃ የሆነ ፊልም ያልቃል። ልጁ ታሪኩ አለቀለት፣ ስልኩን ለመመለስ አይከብደውም። አጫጭር ቪዲዮ ግን መጨረሻ የለውም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው። የትም ቦታ ላይ ብታስቆሙት መሀል ላይ ነው የምታስቆሙት። ልጁ የሚጮኸው ለዚያ ነው። እኔ ቤት ማለቂያ ያለው ነገር ተመርጦ ነው የሚከፈተው። የመጀመሪያውን ሳምንት ትንሿ አለቀሰች፤ በሁለተኛው ሳምንት የምታየውን ጠዋት ላይ መርጣ ትነግረኝ ጀመር።

ለማስቆምም ወግ አለው። አምስት ደቂቃ ሲቀር ንገሩት። ከዚያ አላርሙ ይጩህ፣ እናንተ አትጩኹ። ስልኩን ከእጁ አትንጠቁ፤ ራሱ ተነሥቶ ሙዳይ ውስጥ ያስገባው።

8. እንቅልፍ

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ምክር ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ለሆነው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሣ የ6ኛ ክፍል ልጅ ቢዘገይ ማታ 3 ሰዓት ላይ መተኛት አለበት ማለት ነው። ስልክ መኝታ ቤት አያድር። «ለአላርም ነው» ካሏችሁ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙላቸው። የሌሊት ፓኬጅ የሚሞሉ ትልልቅ ልጆች ያላችሁ፣ ጠዋት የማይነሡት ለምን እንደሆነ እዚያ ፈልጉት።

9. የቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይናገር

እኔ ከልክዬ አባታቸው ከሰጠ፣ ሁለታችን ከልክለን እማማ ከሰጠች፣ ሕጉ የለም። እማማን «አትስጪ» ማለት ከበደኝ፤ ለልጅ ልጆቿ ደስታ ብላ ነው። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦ «እማማ፣ ስልክሽን ከሚያዩ ተረት ብታወሪላቸው ያስታውሱሻል።» አሁን ስትመጣ ልጆቹ ራሳቸው ስልኳን ተቀብለው ሙዳይ ውስጥ ያስገቡና ጉልበቷ ላይ ይቀመጣሉ። ልጆቹን የምትይዝ ሠራተኛ ካለቻችሁ እሷንም አስቀምጣችሁ ንገሯት፤ ሥራ በዝቶባት ልጅ ዝም ለማሰኘት ብላ ነው የምትሰጠው። በዚያ ሰዓት ሥራዋን ቀንሱላት።

10. ሲበላሽ

ይበላሻል። ጥምቀት ይመጣል፣ ፋሲካ ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል፣ ለቅሶ ይደረሳል፤ ሁለት ሳምንት ጥናት የሚባል ነገር አይኖርም። «ሁሉም ገደል ገባ» ብላችሁ አትጣሉ። ሰኞ ዕለት በ15 ደቂቃ ጀምሩ። ውኃው ይጠጣ፣ ብርጭቆው ይቀመጥ፣ ደብተር ይውጣ። በሳምንት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ካርድ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «የቱ ትምህርት ቀለለህ? የቱ ከበደህ?» በሉት። ደረጃው የሌሎቹም ልጆች ውጤት ነው፤ ልጃችሁ የሚቆጣጠረው የራሱን ብቻ ነው።

እሑድ ማታ ቡና ስናፈላ አሥር ደቂቃ ሁላችንም እንነጋገራለን። ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም? ሕጉን የምናሻሽለው እዚያ ነው፤ በአዘቦት ቀን፣ በለቅሶና በጩኸት መሀል አይሻሻልም። ባለፈው ወር ልጄ እዚያ ላይ አንድ ነገር ጠየቀ። ማታ እንቅልፍ ስለሚመጣበት አንዱን ዙር ወደ ጠዋት ማዞር ፈለገ። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ሊተኛ፣ 11 ሰዓት ተኩል ሊነሣ። አባቱ «አይነሣም» አለ። እኔም ተጠራጥሬ ነበር። እስከ ከተማ አቀፉ ፈተና ሦስት ወር ቀርቶታል፤ ይሞክረው አልን። የጠረጴዛ ሰዓቱ ሲጮኽ እኛ ሳንነሣ ሳሎን መብራት ይበራል። መጽሐፉ ሲዘጋ ይሰማኛል፣ ከዚያ የእስክሪብቶው ድምፅ።